ወፍራም ልብ ወለድ ለመጨረስ፦ የቱሉ ዲምቱ የንባብ ሳምንቴ

ክረምቱ ገብቷል። አዲስ አበባ ዳር ያለው ሰፈሬ ቱሉ ዲምቱ ጭቃው ጀምሯል፤ መብራቱም ሄድ መጣ ይላል። ለእኔ ይህ የልብ ወለድ ወቅት ነው። ባለፈው ሳምንት ቀጭኑን «ጦቢያ»ን ጨርሻለሁ፤ ወፍራሙን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደግሞ ከግማሽ በላይ ዘልቄዋለሁ። ሁለቱንም ድሮ አንብቤያቸው ነበር። የአሁኑ ግን ለየት ይላል። ብዙውን ክፍል ድምፄን አውጥቼ፣ ለቤተሰብ እያሰማሁ ነው ያነበብኩት።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት እንደ እኔ ከከተማው ዳር የሚኖሩ፣ ማንበብ እየወደዱ መጽሐፍ ጀምረው የሚተዉ ብዙ ሰዎች ስለማውቅ ነው። ጎረቤቶቼ አሉ፣ የሥራ ባልደረቦቼም አሉ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ጊዜው የት አለ?» ጊዜው ሰልፍ ላይ አለ፤ መብራት ሲጠፋም አለ። የቸገረው የትኛውን መጽሐፍ የት ማንበብ እንደሚሻል ማወቁ ነው።

ሥራዬ ሳሪስ ነው። ጠዋት ከኮንዶሚኒየሙ ወርጄ ሰልፍ እይዛለሁ። አውቶቡስ ከመጣ በአውቶቡስ፣ ከዘገየ በሃይገር፣ ሁሉም ከጠፋ በሚኒባስ ታክሲ እየቆራረጥኩ በቃሊቲ በኩል እሄዳለሁ። ማታም ያው ነው። ሰልፉ ላይ ሰው ስልኩን ይነካካል፤ እኔ መጽሐፍ አወጣለሁ። ሰልፍ ለንባብ ይመቻል። አያንገጫግጭም፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው፣ የፊተኛው ሰው ሲራመድ ጠጋ ማለት ብቻ ነው። አንዳንዴ ከኋላዬ ያለው ሰው በትከሻዬ አሻግሮ አብሮኝ ያነባል። ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም። አንድ ወጣት እንዲያውም «ጋሼ፣ ገጹን ቀስ ብለው ይግለጡት» ብሎኝ ቀስ አልኩለት።

ለመንገድ ቀጭን መጽሐፍ፣ ለቤት ወፍራም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጅ ብረቱን ጨብጦ በሌላው እሱን መያዝ አይሞከርም። ቀጭን መጽሐፍ ግን በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት ተከፍቶ ይያዛል። ቦርሳ ውስጥም ቦታ አይፈጅም።

መኪና ላይ ሲያነቡ የሚያጥወለውላቸው ሰዎች አሉ። ዓይን ገጹ ላይ ተተክሎ «ቆመናል» ይላል፤ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ደግሞ መንገጫገጩን ስለሚሰማ «እየሄድን ነው» ይላል። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሆድ ይረበሻል። ስለዚህ ከተቻለ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንቀጽ በጨረሳችሁ ቁጥር ቀና ብላችሁ ሩቅ እዩ። መንገዱ ሲበላሽ ደግሞ መጽሐፉን ዝጉት። ያነበቡትን ማሰላሰልም የንባቡ አካል ነው።

መጽሐፋችሁን ደግሞ ለብዱት። እኔ በአሮጌ ካላንደር ነው የምለብደው፤ ወረቀቱ ጠንካራ ነው፣ እርጥበትም ቶሎ አያስገባም። ከዚያ በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳ ውስጥ አስገባለሁ። የካላንደሩ ነጭ ጀርባ ወደ ውጭ ይሁን። ለምን ነጩ እንደሚጠቅም ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ቤት ልግባ። ዋናው ነገር የሆነው እዚያ ነው።

እናቴ ክረምቱን ከእኛ ጋር ልታሳልፍ ከጎጃም መጥታለች። ከቡሬ አካባቢ ነች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ወሬ አዋቂ ነች፣ ግጥም አዋቂ ነች፣ የሰው ንግግር አንዴ ከሰማች አትረሳም። በሳምንቱ መጀመሪያ ማታ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ዝም አለ። እኔ በቻርጅ የሚሠራውን ፋኖስ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገለጥኩ። እናቴ በሰፌድ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«የጎጃም ታሪክ ነው፣ እማዬ። ማንኩሳ ከሚባል አገር ይጀምራል።»

ምስሩን መልቀም አቆመች። «ማንኩሳ? የቡሬው መንገድ ላይ ያለችው?»

«አዎ።»

«ገበያዋን አውቀዋለሁ። በል ጮክ ብለህ አንብበው።»

ከዚያ ማታ ጀምሮ መጽሐፉ የእሷ ሆነ። ሥራ ውዬ ስገባ ራት እንኳን ሳልበላ «ቦጋለ ምን ሆነ?» ትለኛለች። ቦጋለ መብራቱ የበዛብህ አባት ነው። ውድነሽ በጣሙን እስኪያገባ ድረስ ያለው ታሪክ ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። አንባቢው የሰማው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው፤ መጽሐፉ ግን ከእነሱ በፊት የሁለት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ትዳር ያሳየዋል። «መቼ ነው የሚጀምረው?» ይልና ይተወዋል።

እናቴን ግን ያስያዛት ይኸው ክፍል ነው። የውድነሽ ባሎች እየሞቱባት ሰው እንዴት እንደሚፈራት ሳነብ፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ «እንዲህ ያለችዋን ሴት ገፊ ናት ይሏታል፤ ምን በወጣት!» አለች። ከዚያ እኔ የማላውቃትን አንዲት የአገሯን ሴት ታሪክ ነገረችን። ያን ማታ ያነበብነው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ በወሬ አለቀ። እኔ እንዲህ ያለውን ማታ ከንባብ እቆጥረዋለሁ።

ያንን ክፍል እንዳትዘሉት አደራ እላለሁ። ልጁ ታሞ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ሲሳሉት፣ ስለቱ ኋላ የሚያመጣውን ጣጣ ሀዲስ ዓለማየሁ ገና ከዚያ ነው የሚያሰናዱት። በዛብህ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሮ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስተማሪ ሆኖ ሲገባ፣ አንባቢው ልጁ የማን አደራ እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። ሰብለም እንዲሁ ናት። አባቷ ለዘራቸው የሚመጥን ባል እያማረጡ ዕድሜዋ እንዴት እንደሚሄድ ካላያችሁ፣ ከአስተማሪዋ ጋር የሚሆነው ነገር ተራ የፍቅር ወሬ ይመስላችኋል። ከዚህ አልፌ አልናገርም። ያላነበበ ሰው መጨረሻውን ራሱ ያግኘው።

ጮክ ብዬ ሳነብ ያስተዋልኩት ሌላም ነገር አለ። የዚህ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገሮች ረጃጅም ናቸው። በዓይን ብቻ ሲነበቡ ይደክማሉ፤ መሃል ላይ ስትደርሱ መጀመሪያው ይጠፋችኋል። በድምፅ ሲነበቡ ግን ነጠላ ሰረዙ ትንፋሽ መውሰጃ መሆኑ ይገባችኋል። ሀዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፉበት ሰው ናቸው። ንግግር በጆሮ ሲመዘን ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። እኔ ድሮ በዓይኔ ሮጬ ያለፍኩት ቦታ ሁሉ አሁን ጣዕሙ ወጣ።

ይህ መጽሐፍ በ1958 ታትሞ ኋላ በሬዲዮ የገነነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ዝግጅት ላይ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለውም ሰው ሬዲዮ ከብቦ ሰምቶታል። የትረካው ቅጂ አሁንም ስለሚገኝ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆማችሁ የምትሄዱ ከሆነ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። እኔ ግን አንድ ምክር አለኝ፦ ምዕራፉን መጀመሪያ ራሳችሁ አንብቡ፤ የወጋየሁን በማግስቱ ስሙ። ቀድማችሁ እሱን ከሰማችሁ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በእሱ ድምፅ ይቀሩባችኋል፤ የራሳችሁን ሰብለና የራሳችሁን ጉዱ ካሳ ለመፍጠር ዕድል አታገኙም። ኋላ ስትሰሙት ግን ምን ያህል ድንቅ ተራኪ እንደነበር በደንብ ይገባችኋል። የት እንደሚያዘግም፣ የት ዝም እንደሚል ልብ በሉ። እኔ ለእናቴ ሳነብላት የማደርገው እሱን እያስታወስኩ ነው።

የዘጠነኛ ክፍል ልጄ መጀመሪያ ላይ ስልኳን ይዛ ጥግ ላይ ነበረች። ጉዱ ካሳ ሲመጣ ቀና አለች። ያረጀ ሥርዓት ካልታደሰ መፍረሱ እንደማይቀር የሚከራከረው፣ ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያየው ካሳ ዳምጤ ለእሷ ዕድሜ ልጆች ቶሎ ይገባቸዋል። «የእሱን እኔ ላንብብ» አለች። ሰጠኋት። በጥድፊያ ስትጀምር እናቴ ገሰጸቻት፦

«ቀስ በይ እንጂ የኔ ልጅ! እሱ እኮ የሚናገረው ያሰበበትን ነው፤ አይቸኩልም።»

ከዚያ ወዲህ የጉዱ ካሳ ንግግር ሲመጣ መጽሐፉ ወደ ልጄ ይዞራል። ፊታውራሪውን ባለቤቴ ታነባለች፤ እናቴ ፊታውራሪው ሲናገሩ እየሳቀች ትሰማለች። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ ውጭ ሲጠይቋቸው ባላገሮቹ እምቢ ያሉበትን ክፍል ደግሞ «ድገሚው» አለቻት። ደገመችላት። እናቴ ስለ ጭሰኛና ባላባት ከአባቷ የሰማችው ብዙ ነው። እኛ የማናውቀውን የግብር ዓይነት አንድ በአንድ አስረዳችን። ማስታወሻ ያላቸው መጻሕፍት ሁሉ እንዲህ ያለ አስረጅ ቢኖራቸው ብዬ ተመኘሁ።

ቤታችሁ ውስጥ ትልቅ ሰው ካለ፣ ይህን ሞክሩ። እናት፣ አባት፣ አክስት፣ ወይም ከታች ፎቅ ያሉ አንዲት እማማ ይሁኑ። የድሮ ልብ ወለድ ለእነሱ አንብቡላቸው። እነሱ የማይገባችሁን ቃል ያስረዳሉ፤ እናንተ ገጹን ትገልጣላችሁ። ልጆችን «አንብቡ» ብሎ ከመጨቅጨቅ የገጸ ባሕርይ ድምፅ መስጠት ይሻላል። ልጄን መጽሐፍ ያስያዛት ይኼ ነው።

ነጩ የካላንደር ጀርባ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ የገጸ ባሕርያቱን ስምና ዝምድና በእርሳስ እጽፋለሁ። ማን የማን ልጅ ነው፣ ማን የማን አሽከር ነው፣ ማን ከየት መጣ። ወፍራም ልብ ወለድ የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ቀን አስቀምጠውት ሲመለሱ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማን ነበር?» ሲባል ነው። ሽፋኑን አየት አድርጎ መቀጠል ነው። እናቴ ዝምድናውን በቃሏ ይዛዋለች፤ እኔ ግን ያለ ሽፋኑ አልችልም።

ደግሞ ምዕራፍ ሲያልቅ አታቁሙ። ምዕራፍ ሲያልቅ ልብ ያርፋል፤ በማግስቱ ለመነሳት ይከብዳል። አንድ ነገር ሊሆን ሲል፣ በር ሲንኳኳ፣ ደብዳቤ ሲከፈት አቁሙ። እኔ ቤት እንዲህ ሳደርግ ይጮሁብኛል፤ በማግስቱ ግን ራት ቶሎ ይቀርባል።

«ጦቢያ»ን በአጭሩ ልናገር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጻፈው፣ በ1900 ሮም የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው ነው። ደራሲው ያኔ ጣልያን አገር ኔፕልስ አማርኛ ያስተምር ነበር። የአማርኛ ልብ ወለድ ከአማርኛ ተናጋሪው ርቆ፣ ባሕር ማዶ መወለዱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ታሪኩ ጦር ሜዳ ላይ ተማርኮ ባሪያ ሆኖ ስለተሸጠ አንድ ደጃዝማች፣ ሳያውቀው ገንዘብ ከፍሎ ስላስፈታው ነጋዴ፣ ውለታውን ለመመለስ ስለወጣው ዋህድና እሱን ፍለጋ እንደ ወንድ ለብሳ ስለተከተለችው መንታ እህቱ ስለ ጦቢያ ነው። አጋጣሚው ይበዛል። ሰው ከሰው የሚገናኝበት መንገድ አንዳንዴ አያሳምንም። ግን ይፈጥናል፣ ለመንገድ ይመቻል፣ አማርኛው ደግሞ ይጥማል። ያልለመዳችሁት የድሮ አነጋገር ሲያጋጥማችሁ ከንፈራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ አንብቡት፤ ወዲያው ይፈታል። ሰልፍ ላይ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ ጸሎት የማደርስ የመሰላቸው ሰዎች ቦታ ለቀውልኛል።

ስለ መጽሐፍ ማግኘት። አዲሱ ውድ ነው፣ እውነት ነው። ከከተማ ዳር ለምንኖር ደግሞ መጽሐፍ መደብሩም ሩቅ ነው። እኔ አሮጌ መጽሐፍ የምገዛው ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት ነጋዴዎች ነው። አንዳንዶቹ ቦታ ስለቀየሩ ስልካቸውን መያዝ ጥሩ ነው። የምትፈልጉትን መጽሐፍ ስም ንገሯቸው፣ ሲያገኙ ይደውላሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን መጽሐፉን ከመሃሉ ግለጡት። የገጽ ቁጥሩ መዝለል አለመዝለሉን እዩ። በተለይ መጠረዣው በፕላስተር የተያዘ ከሆነ ገጽ ሊጎድል ይችላል። ቀለሙ የደበዘዘ ከሆነ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ስለሚሆን በፋኖስ ብርሃን አይነበብም።

መግዛት የማይችል ሰው ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይሂድ። ከ1936 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ አገር ውስጥ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂ በሕግ ስለሚገባለት፣ ከገበያ የጠፋ ልብ ወለድ እዚያ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ከ2014 ጀምሮ ተከፍቷል። ቅዳሜን እዚያ ማሳለፍ ይቻላል፤ ለተማሪ ልጆች በተለይ ጥሩ ቦታ ነው።

ቴሌግራም ላይ በስካን የሚዞረውን ነገር ግን አልወደውም። በተለይ ደራሲው በሕይወት ካለ። በእኛ አገር ብዙ ደራሲ ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚያሳትመው፤ የእሱን መጽሐፍ በነፃ ስናዛውር ቀጣዩን መጽሐፍ እያስቀረንበት ነው። ተዋዋሱ፣ ተካፍላችሁ ግዙ። በሥራ ቦታችን አራት ሆነን እየተካፈልን እንገዛለን፤ መጽሐፉ ዞሮ ሲያልቅ ዕጣ ለወጣለት ይቀራል።

ቀጥሎ የማነባቸውንም በዚሁ መንገድ ነው ያደራጀኋቸው። የትኛው ለዓይን፣ የትኛው ለጆሮ እያልኩ።

ከሁሉ በፊት ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ማንበብ እፈልጋለሁ፦ የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር»ን እና የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ»ን። ሁለቱም በ1962 የወጡ ናቸው። አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ ይውላል፤ ቢሮ ገብቶ መውጣት የሰለቸው፣ ልቡ ሥዕል ላይ ያለ አበራ ወርቁን ይከተላል። ሌላው ገጠር ወርዶ የተማረው ወጣት አደፍርስ ከአገሬው ትልልቅ ሰዎች ጋር ስለ ለውጥ ሲሟገት ያሳያል። አንድ ዓመት፣ አንድ አገር፣ ሁለት ዓለም። አብዮቱ ሊመጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ሰው ምን ያስብ እንደነበር ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ከእነዚህ ሁለቱ የምረዳ ይመስለኛል።

«ከአድማስ ባሻገር» ለመንገድ ነው። የበዓሉ ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፣ ይነዳል። ቆሞም ይነበባል። «አደፍርስ» ግን የቤት መጽሐፍ ነው። ከባድ ነው ይባላል፤ ብዙ ሰው ጀምሮ ትቶታል። እኔ ግን ከባድ የሚያደርገው በዝምታ ማንበቡ ይመስለኛል። መጽሐፉ ክርክር ነው፣ ተረትና ምሳሌ ነው፣ ሰው ከሰው ሲነጋገር ነው። ድምፅ ተከፋፍለን ብናነበው መንገዱ ይከፈታል ብዬ አምናለሁ። ልጄ ከወዲሁ አደፍርስን ይዛለች። እናቴ ደግሞ ተረቶቹን እንድትፈታልን እንፈልጋለን።

ከዚያ «ኦሮማይ»። በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበው ነው። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከወጣ በኋላም አልተመለሰም። በ2017 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ብዙ የውጭ አንባቢ አገኘ፤ እኔም እንደገና የማንበብ ፍላጎቴ ያን ጊዜ ተቀሰቀሰ። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሲሄድ ያለውን ለብቻዬ ነው የማነበው። ጦርነት ያየ ሰው ባለበት ቤት ጮክ ተብሎ የሚነበብ አይመስለኝም። እናቴ ወንድሟን የሸኘችው ወደዚያው ነው። እሷ ራሷ ከጠየቀችኝ ግን አነብላታለሁ።

ለእናቴ ያሰብኩላት የሕይወት ተፈራን «ምንትዋብ»ን ነው። ታሪካዊ ልብ ወለድ ነው፣ ስለ እቴጌዋ። እናቴ እቴጌዋ ጎንደር ያሠሯትን ቁስቋምን ተሳልማለች፤ ስለ ምንትዋብም ከካህናት የሰማችው አለ። የራሷን ከመጽሐፉ ጋር ስታስተያይ መስማት እፈልጋለሁ። እሷ ግን «የኚሁ የሀዲስ ሌላ የጻፉት የለም ወይ?» እያለች ትጠይቀኛለች። አለ። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980 ወጥተዋል። ነጋዴዎቹን ጠይቄያለሁ፤ «የልምዣት» ተገኝቷል ብለውኛል።

«ነገም ሌላ ቀን ነው»ም ዝርዝሬ ውስጥ አለ። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው የማርጋሬት ሚቼል ልብ ወለድ ነው። እስር ቤት ውስጥ ለእስረኞች ጮክ ተብሎ ሊነበብ የሚችል አማርኛ ለማግኘት ምን ያህል እንደተጨነቀ ገጹን ስትገልጡ ይሰማችኋል። እሱ ወፍራም ስለሆነ ለበዓል ዕረፍት ነው ያቆየሁት።

የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች»ን ለመስከረም አሸጋግሬዋለሁ። አዳምን በጥድፊያ ማንበብ አይቻልም። ለእሱ የእሑድ ማለዳ ያስፈልጋል፤ ሰው ሳይነሳ፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ። ገጽ ገልጬ ተመልሼ የማነብበት፣ የማሰምርበት መጽሐፍ ስለሆነ የራሴን ቅጂ ገዝቻለሁ።

«አደፍርስ»ን ያዋሰኝ ባልደረባዬ እስከ ቡሄ እንድመልስለት ነግሮኛል፤ ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንዳለቀ የሚገባው እሱ ነው። ሽፋኑን ትናንት ለብጄዋለሁ፣ የገጸ ባሕርያቱን ዝርዝር ልጄ እየጻፈችበት ነው።